ቀመር መጻፊያ ፕሮግራም ምን ማሟላት አለበት? ጥያቄዬና የመጡት 34 መልሶች

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጥያቄ የለጠፍኩት ባለፈው ሰኞ ማታ ነው። አሁን መልሱ 34 ደርሷል። ግማሹ ቁም ነገር ነው። ግማሹ ስለ ብርድ፣ ስለ ጭላዳና ስለ መብራት ነው። ሁለት ሦስቱ ደግሞ ስድብ ቢጤ ነው። አዲስ የሚመጣ ሰው ከላይ እስከ ታች እንዳይለፋ እኔው በገባኝ መንገድ ላውራው። ቃል በቃል አልገለብጥም። ያጎደልኩት ካለ ባለቤቱ ይናገር።

መነሻው እንዲህ ነው። የሂሳብ መምህር ነኝ። ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ደብረ ሲና አካባቢ አስተምራለሁ። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ያወጣኋቸው ፈተናዎች አንድ ፍላሽ ላይ አሉ። ባለፈው ሴሚስተር ከነሱ አንዱን መርጬ ለማባዛት ወደ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ላክሁት። ተባዝቶ ሲመጣ አላየሁትም፤ ይሄ የራሴ ጥፋት ነው። ፈተናው ተጀምሮ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ኬ ምንድን ነው አለችኝ። የምን ኬ? ወረቀቱን ሳየው 2፣ 4፣ 6፣ ኬ፣ 20 ይላል። እኔ የጻፍኩት እዚያ ቦታ ላይ ሦስት ነጥብ ነበር፣ ቁጥሩ እየቀጠለ ይሄዳል ለማለት። ጎበዞቹ ግን ኬ እኩል ነው 8 ብለው ሠርተው ጨርሰዋል። ታዲያ ምን ብዬ ኤክስ ላድርግባቸው?

ይባስ ብሎ ፋይሉን ላስተካክል ብዬ በትምህርት ቤቱ አዲስ ኮምፒውተር ስከፍተው ቀመሮቹ ይታያሉ እንጂ አይነኩም። አንድ 3 ወደ 5 ልቀይር ሁለት ጊዜ ክሊክ ባደርግ፣ አሥር ጊዜ ክሊክ ባደርግ፣ ወይ ፍንክች።

ይህን ለአንድ ድሮ ላስተማርኩት ልጅ አወራሁት። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሮ ደብረ ብርሃን ይሠራል። ለመምህራን የሚሆን፣ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም ልሥራ፣ ምን ምን እንዲኖረው እንደሚፈልጉ ጽፈው ይላኩልኝ አለኝ። እኔም አምስት ነገር ጻፍኩ። ያለ ኢንተርኔት ይሥራ። ራሙ 2 ጊጋ በሆነ አሮጌ ማሽን ላይ ይሂድ። ፊደላችንን ይቀበል። ምልክቱ ብዙ ይሁን። ነፃ ይሁን። ከዚያ የጎደለ ካለ ጨምሩበት ብዬ እዚህ ለጠፍኩት።

1ኛው መልስ ከደብረ ብርሃን ነው፤ ጨዋ ሰው። አዲስ ፕሮግራም ለምን አስፈለገ ባይ ነው። ወርድ ውስጥ ከ2007ቱ እትም ጀምሮ የራሱ የቀመር መጻፊያ አለ። አልት ይዞ የእኩል ምልክቷን መጫን ብቻ ነው። ክፍልፋይ ከፈለጉ ዝም ብለው ኤ፣ እዝባር፣ ቢ ይጻፉና ስፔስ ይምቱ፣ ራሱ ላይና ታች ያደርገዋል። ለርቢ የኮፍያዋን ምልክት፣ ለሥር ደግሞ ወደ ኋላ ያጋደለ እዝባር አድርጎ ኤስኪውአርቲ መጻፍ። እውነቱን ለመናገር ስንት ዓመት ወርድ ስጠቀም ይሄን አላውቅም ነበር። ሁሉንም በማውስ እየለቀምኩ ነበር የምጽፈው።

2ኛው አመስግኖ ብቻ ሄደ።

3ኛው ለ1ኛው እርማት አመጣ። የተባለው ሁሉ የሚሠራው ፋይሉ በአዲሱ የፋይል ዓይነት፣ በዶክኤክስ ሲቀመጥ ነው። በድሮው በዶክ ካስቀመጡት ቀመሩ ወደ ምስል ይቀየራል። ብዙ ማባዣ ቤት ደግሞ አሮጌ ኦፊስ ስላለው በድሮው አድርጋችሁ አምጡ ይላል። እሱም በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ የማጠናከሪያ ጥራዝ ምስል ሆኖ ቀርቶበታል። የክሩ፣ የዚህ ውይይት ማለቴ ነው፣ ዋና ነገር የተነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ያኔ ግን ማናችንም ልብ አላልነውም፣ ምክንያቱም 4ኛው መጣ።

4ኛው የላቴክ ሰው ነው፤ ላቴክ ቀመሩን በትዕዛዝ ቃላት ጽፈው ወደ ገጽ የሚያስቀይሩበት ፕሮግራም ነው። እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። ከላቴክ ሌላ ሁሉ መጫወቻ ነው ብሎ ጀመረ። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ የመጽሐፉ አዲስ እትም የፊደል አቀማመጥ ቢያስጠላው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የላቴክን መሠረት፣ ቴክን ሠራ። ሌዝሊ ላምፖርት ደግሞ በ1980ዎቹ ላቴክን በላዩ ላይ ገነባ። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በየትኛውም ኮምፒውተር፣ በኖትፓድም ቢሆን ይከፈታል። የዛሬ 30 ዓመት የተጻፈ ዛሬም ይነበባል። እዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ፈተና በወርድ የሚያወጣ መምህር ሰነፍ ነው የምትል ነገር ጣል አደረገ።

5ኛው ከመሐል ሜዳ ነው፤ ተናደደ። ሙሉውን የላቴክ ጥቅል ለማውረድ ስንት ጊጋ እንደሚፈልግ ታውቃለህ ወይ፣ እዚህ መጥተህ በእኛ ኔትወርክ አንዴ ሞክረው እስቲ አለው። አንዲት ቅንፍ ስትረሳ ገጹ ሙሉ ስህተት ይተፋብሃል፣ ነገ ጠዋት ፈተና ያለበት መምህር ይሄን ሲፈታ ሊያድር ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 6ኛው እንደገና የላቴኩ ሰው ነው። ሚክቴክ የሚባለውን ትንሹን የላቴክ ጥቅል ጭኖ የሚያስፈልገውን ብቻ መጨመር ይቻላል፣ በፍላሽም ከደብረ ብርሃን ይዞ መሄድ ይቻላል አለ። ልክ ነው። ግን ሰነፍ የሚለውን ቃል መልሶ አልወሰደም። በዚሁ መሀል አንዱ የቴክ የእትም ቁጥር በታደሰ ቁጥር ወደ ፓይ እየተጠጋ እንደሚሄድ፣ አሁን 3.14 ብሎ ብዙ አሃዝ ላይ እንደደረሰ ጻፈ። ለጥያቄዬ ምንም አይጠቅምም፤ ለተማሪዎቼ ግን ነገርኳቸው፣ ወደዱት።

ነገሩን ያበረዱት 8ኛው ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የመለሰላቸው። በሳቸው ጊዜ ፈተና በስቴንስል ነበር። ታይፕ ሲመታ ለሥሩና ለክፍልፋዩ ቦታ ይተዋል። ከዚያ በብረት ብዕር ስቴንስሉ ላይ በእጅ ይሣላል። ትንሽ ከጠነከሩበት ይቀደዳል፤ ከተቀደደ ገጹ ሙሉ እንደገና ነው። እሳቸው የጨመሩት ነጥብ ግን ዛሬም ይሠራል። ትምህርት ቤት ብዙ ኮፒ የሚያወጣው በማባዣ ማሽን ነው፣ ቀለሙም ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም። የክፍልፋዩ መስመር ቀጭን ከሆነ ይጠፋል። ላዕልና ታህቱ ተለያይተው ሁለት ቁጥር ይሆናሉ። ስለዚህ የመስመሩን ውፍረት መቀየር ይቻል አሉ። ይሄን ከእኛ ማንም አላሰበውም ነበር።

ከ9 እስከ 11 ያለው ስለ ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ጠዋት የማባዣው ቀለም ይወፍራል ወይስ አይወፍርም የሚል ክርክር ነበር። አልተቋጨም።

12ኛዋ ከሸዋ ሮቢት ናት። ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ለእኔ የዚህ ክር ምርጥ መልስ የሷ ነው። መምህራን ስለ ራሳችሁ ታወራላችሁ፣ ቀመሩን የምጽፈው ግን እኔ ነኝ ብላ ጀመረች። እውነቷን ነው። ብዙው መምህር በእጁ ጽፎ ወረቀት ነው የሚሰጣት። ለሷ ምልክቱ መብዛቱ ምንም አይደለም። የምትፈልገው እጇ ከኪቦርዱ እንዳይነሳ ነው። የእኔም ፋይሎች በተጻፉበት በድሮው የወርድ ቀመር መጻፊያ፣ በኢኩዌሽን ኤዲተር፣ ኮንትሮልና ኤፍ ክፍልፋይ፣ ኮንትሮልና አር ሥር፣ ኮንትሮልና ኤች ርቢ ነበር። ጣቶቿ ሳያዩ ያውቁታል። አዲስ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው እነዚህን ቁልፎች ከቀየረባት አትነካውም።

ከዚያ ስለ ኬ ነገረችኝ። ታይፒስቷን አትውቀስ ነው ነገሩ። የድሮው ኤዲተር ሦስቱን ነጥብ የሚያወጣው ኤምቲ ኤክስትራ ከሚባል ፎንት ነው። በዚያ ፎንት ውስጥ ነጥቦቹ የተቀመጡት በኬ ፊደል ቦታ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት ነጥቡ ጠፍቶ ተራ ኬ ብቅ ይላል። የመሀል ነጥቦቹ ደግሞ ኤል ይሆናሉ። እሷም መጀመሪያ ሰሞን እንዲሁ ተደናግጣ ነበር። ፓወር ግዕዝ በሌለበት ማሽን የድሮ የአማርኛ ፋይል ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ እንደሚሆነው ማለት ነው፤ በሽታው አንድ ነው። እኔ ያንን ፎቶ ኮፒ ቤት ስንት ቀን በልቤ ስረግም ነበር። እዚሁ ይቅርታ ብያለሁ።

13ኛው ቀልደኛ ነው። ተማሪዎቹ ኬ እኩል ነው 8 ማለታቸው ልክ ስለሆነ ሙሉ ነጥብ ይሰጣቸው አለ። ሰጥቻቸዋለሁ ወንድሜ።

14ኛው ሴራ ፈለገ። የድሮውን ኤዲተር ያጠፉት ሆን ብለው ነው፣ አዲስ እንድንገዛ ነው አለ። 15ኛው ጠንከር አድርጎ አረመው። ማይክሮሶፍት ኢኩዌሽን ኤዲተር 3.0ን ያነሳው እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በወጣ ማሻሻያ ነው፣ በእኛ ጥር 2010 ዓ.ም.። ምክንያቱ የደህንነት ቀዳዳ ነው። ፕሮግራሙ ዲዛይን ሳይንስ የሚባል ሌላ ኩባንያ የሠራው ነው፣ የፕሮግራሙ ፋይልም እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያልተነካ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 አንድ ቀዳዳ ተደፈነ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ተገኘ። በመጨረሻ ነቅለው ጣሉት። የተበከለ ሰነድ በመክፈት ብቻ ኮምፒውተር በሌላ ሰው እጅ ይገባ ነበር። የእኔ ፋይል እየታየ የማይነካው ለዚህ ነው ማለት ነው፤ ምስሉ አለ፣ አራሚው የለም።

17ኛው የድሮውን ኤዲተር ከአሮጌ ኮምፒውተር ገልብጦ መመለስ አይቻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። 15ኛው ተመልሶ መጣና በቁጣ እንዳትሞክሩት አለ። በየትምህርት ቤቱ ፍላሽ እንደ ጉንፋን ከማሽን ማሽን እየዞረ፣ ጭራሽ የታወቀ ቀዳዳ መልሳችሁ ልትከፍቱ ነው ወይ አለ። አነጋገሩ ደስ አይልም። ግን ልክ ነው፤ በእኔ ፍላሽ እንኳን የማላውቃቸው ስንት ፋይሎች አሉ።

ከ18 እስከ 20 ስለ መብራት ነው። ያ የመሐል ሜዳው ልጅ፣ 5ኛው፣ እዚህ ላይ ተረጋግቶ ጥሩ ነገር ጻፈ። መብራት ሳያስጠነቅቅ ይሄዳል። ዴስክቶፕ ደግሞ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ የለውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ በየደቂቃው ራሱ ያስቀምጥ፣ እየተጻፈ ያለውን ግማሽ ቀመር ጭምር፣ መብራት ሲመለስም ካቆምንበት ይጀምር። ከዚያ ወሬው ወደ ጓሳ ሄደ። አንዱ የጭላዳ ፎቶ ለጠፈ። ሌላው የመንዝ ዝተት ለብሶ ፈተና ማረም እንዴት እንደሚመች አወራ። ለምን እንደተለጠፈ ባይገባኝም ፎቶው ያምራል።

21ኛዋ የ5ኛ ክፍል መምህርት ናት፣ በአማርኛ ነው የምታስተምረው። ፊደላችንን ይቀበል ያልኩትን አፍታታችው። ፍጥነት እኩል ነው ርቀት ሲካፈል ለጊዜ ብላ በክፍልፋይ መጻፍ ትፈልጋለች። ወርድ ቀመር የሚጽፍበት ካምብሪያ ማዝ የሚባል ፎንት የእኛ ፊደል የለውም። ስለዚህ ፊደሉን ከሌላ ፎንት ይበደራል። መጠኑ አይገጥምም፤ ርቀት የሚለው ወፍሮ መስመሩ ላይ ይንጠለጠላል። ሌላው ጣጣ ኪቦርዱ ነው። ኤክስ ለመጻፍ ወደ እንግሊዝኛ፣ ጊዜ ለማለት ወደ አማርኛ፣ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ። አንድ ቀመር ውስጥ አራት ጊዜ መቀያየር አለባት። የሷ ጥያቄ ፕሮግራሙ የትኛው ሳጥን ቃል፣ የትኛው ተለዋዋጭ እንደሆነ አውቆ ኪቦርዱን ራሱ ይቀይርልን የሚል ነው።

22ኛው ልጆቹ ከፍ ሲሉ በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ ከአሁኑ በኤክስና በዋይ ይልመዱት አለ። እሷ ደግሞ ልጁ መጀመሪያ ነገሩን ይረዳ ብላ መለሰች። 23ኛው ለሦስት ማዕዘን ጫፍ ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለ ነው የተማርኩት፣ ምንም አልጎደለብኝም ብሎ ደገፋት። ክርክሩ ከፕሮግራሙ ወጥቶ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ገባና ትንሽ ተጋጋለ። እኔ ከሷ ጋር ነኝ። ግን ያ ሌላ ቀን ነው።

25ኛው አጭር ነው፤ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች አሉት። ቀመሩ ምስል ከሆነ የስክሪን ማንበቢያው ምንም አያነብም፣ ዘሎት ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ማትኤምኤል የሚባል የቀመር አጻጻፍ ደረጃ አለ። በዚያ ከተቀመጠ ግን ኤንቪዲኤ የሚባለው ነፃ ማንበቢያ ከተጨማሪ መሣሪያ ጋር ክፍልፋዩን ክፍልፋይ፣ ሥሩን ሥር ብሎ ያነበዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲያስቀምጥ በማትኤምኤልም ያስቀምጥ አለ። እኔ በአምስቱ ዝርዝሬ ውስጥ ይሄን ያህል ቁም ነገር አልነበረኝም።

27ኛው እንደ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ያለውን ሊብሬ ኦፊስን አመጣ። ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አሮጌ ማሽን አይንቅም። ማዝ የሚባል የቀመር ክፍል አለው፤ ክፍልፋዩ በቃል ኦቨር፣ ሥሩ ኤስኪውአርቲ ብሎ ይጻፋል። የአማርኛ ቃል ከሆነ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ማስገባት ነው። ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ቱልስ ውስጥ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሎድ ኤንድ ሴቭ፣ ከዚያ ማይክሮሶፍት ኦፊስ የሚለው ጋ ማዝታይፕ በሚባል ሌላ ቀመር መጻፊያ የተጻፈ ቀመር ሲከፈት ወደ ራሱ እንዲቀይር የሚያደርግ ምልክት አለ። የድሮው ኢኩዌሽን ኤዲተርም የዚያው የማዝታይፕ ዘር ስለሆነ ይሠራለታል።

ማታውኑ ሞከርኩት። የ2004ቱን የአልጀብራ ፈተና ከፈትኩ። ቀመሩን ሁለት ጊዜ ክሊክ አደረግኩ። ተከፈተ! ሦስቷን አምስት አደረግኳት። ባለቤቴ ምን አስጮኸህ ብላ ከጓዳ መጣች። ሁሉም አልተሳካም፤ ማትሪክሶቹ ተጣመዋል፣ ክፍተቱም እዚህም እዚያም ተበላሽቷል። ግን ከዜሮ ከመጻፍ በስንት ጣዕሙ።

28ኛው በዚሁ ላይ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። ዊንዶውስ 7 ያላችሁ አዲሱን ሊብሬ ኦፊስ እንዳታወርዱ፣ ከእትም 25.8 ጀምሮ በዊንዶውስ 7ና 8 አይሠራም፣ ከዚያ በፊት ያለውን ውሰዱ አለ። ይህን ሳላውቅ ባወርድ ኖሮ አንድ ጥቅል ዳታ በከንቱ ነበር።

30ኛው ገንዘብ አነሳ፤ አነጋገሩም ሻካራ ነበር። ሁላችሁም ነፃ ነፃ ትላላችሁ፣ ያ ልጅ ስንት ሌሊት ቁጭ ብሎ ሊሠራ ነው፣ ለማባዣ ትከፍላላችሁ፣ ለወረቀት ትከፍላላችሁ፣ ለፕሮግራም ሲሆን ክራኩን ትፈልጋላችሁ አለ። አፍሬ ነበር የምለው ብዋሽ ነው፤ መጀመሪያ ተናደድኩ። ያፈርኩት በማግስቱ ነው። የሸዋ ሮቢቷ ልጅ ግን ወዲያው መለሰችለት። ሥራ የሚያፋጥንላት ከሆነ ትከፍላለች፣ ግን አንድ ጊዜ፣ በየዓመቱ አይደለም። ዋጋው በብር ይሁን፣ የውጭ ካርድ የሚጠይቅ ከሆነ ይቅርባት።

ከ31 እስከ 33 የላቴኩ ሰውና የመሐል ሜዳው ልጅ ታረቁ። ለመሐል ሜዳው ልጅ ሚክቴክን በፍላሽ አድርጎ በአውቶብስ ሊልክለት ተስማሙ። አጃቢ ጭላዳ ይላክ ብሎ አንዱ ቀለደ።

34ኛው ራሱ ተማሪዬ ነው። ዝም ብሎ ሲያነብ ነበር ለካ። ሌላ ቀመር መጻፊያ አልሠራም አለ። ያሉት ይበቃሉ፤ የሰዉ ችግር መጻፉ ሳይሆን የተጻፈው ሌላ ማሽን ላይ ሲሄድ የሚሆነው ነው። እሱ የሚሠራው ከማባዛት በፊት ፋይሉን የሚፈትሽ ትንሽ ነገር ነው። የትኛው ቀመር ምስል ሆኗል፣ የትኛው ፎንት ጎድሏል፣ የትኛው መስመር ቀጥኗል የሚለውን በቀይ ያሳያል። የሚቀየረውን ይቀይራል። የማይቀየረውን ይናገራል። የኪቦርዱን ነገር ለሁለተኛ ዙር አስቀምጦታል፣ መምህርቷም ቅር ብሏታል። ምልክቱ ብዙ ይሁን ያልኩትን አራተኛ ነጥቤን ሳያነሳው አለፈ። ልክ ነው መሰለኝ፤ በ34 መልስ ውስጥ ምልክት አነሰኝ ያለ አንድ ሰው የለም።

ለመጀመሪያ ሙከራ የኬውን ፈተና ላክልኝ ብሎኛል፣ ሳላስተካክለው እንዳለ። ዛሬ ማታ ኔትወርክ ካለ እልክለታለሁ። እናንተም እንዲህ የተበላሸባችሁ የድሮ ፋይል ካለ የተማሪ ስምና ውጤት የሌለበትን ብቻ መርጣችሁ ከታች አያይዙ። ዶክኤክሱን ሳይሆን ዋናውን ዶክ።